የጋሼ ሃን አባት በጋራዣችን

ስምንት ዓመቴ ሳለ፣ በየካቲት ወር፣ ከቤታችን ጀርባ ባለው ጋራዥ ውስጥ አንድ ሰው ለዘጠኝ ቀን ተደብቆ ነበር። የተደበቀው ከጃፓኖች ነው። ይህን ምስጢር የምናውቀው አምስት ሰዎች ብቻ ነበርን፤ አባቴ፣ እናቴ፣ አከራያችን ጋሼ ሃን፣ ጓደኛዬ ሊያና እኔ። ከአምስታችን ግን ሰውየው መብላት እንደሚያስፈልገው ትዝ ያለን እኔና ሊያ ብቻ ነበርን።

የምንኖረው አሜሪካ ውስጥ፣ የሐበሻ ሬስቶራንት ከሚበዛበት ከፌርፋክስ ጎዳና አንድ መንገድ ገባ ብሎ ባለች ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ነው። እኛ ከታች፣ የቤቱ ባለቤት ጋሼ ሃን ከላይ። ጋሼ ሃን ኮሪያዊ ናቸው፤ ያኔ ሰባ አራት ዓመታቸው ነበር። "ጋሼ" ያለቻቸው እናቴ ናት። ቤቱን የተከራየን ዕለት "ይህን የሚያህል ሽበት ይዘው በባዶ ስማቸው አልጠራም" አለችና ማዕረጉን ሰጠቻቸው። እሳቸውም ትርጉሙን ከሰሙ በኋላ በጣም ወደዱት። ለጓደኞቻቸው ስልክ ሲደውሉ በኮሪያኛቸው መካከል "ጋሼ ሃን" ሲሉ በጣሪያው በኩል ይሰማን ነበር። ከዚያ ሌላ የሚያውቁት አማርኛ "በቃ" የምትለውን ቃል ብቻ ሲሆን፣ እሷን ለሰላምታም፣ ለምስጋናም፣ የሻወሩን ውኃ ዝጉ ለማለትም ይጠቀሙባታል፤ ሌላውን የምንነጋገረው በእንግሊዝኛ ነው።

ነገሩን የሰማሁት አንድ ሐሙስ ወደ ማታ፣ ሶፋው ጀርባ ተኝቼ ነው። አባቴ የዕቃ ማመላለሻ መኪና ሹፌር ነበር። ገና ከመግባቱ እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችው።

"እና ሰውየውስ?"

"ጋራዥ አስገብቼዋለሁ። ከበርባንክ ድረስ ከኋላ አስሬው ነው ድራይቭ ያደረግኩት። አቤት ሲከብድ! ፍሪዌይ ላይ ብሬክ በያዝኩ ቁጥር ተነሥቶ የሚመጣ ነው የሚመስለኝ።"

"የሆነ ነገር አለበስከው?"

"ግራጫውን ብርድ ልብስ።"

"ጋሼ ሃን አዩት?"

"እምቢ አሉ። 'ቦታው ላይ ሳይቆም አላየውም' ብለው ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ወደ ላይ ወጡ።"

እናቴ ከንፈሯን መጠጠች። "ምስኪን! በዚያ ወህኒ ቤት እንዲያ አሠቃይተውት፤ እነዚህ ጃፓኖች እኮ..."

"እሱን ተዪው አሁን። የቶራንሱ ጃፓን በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት ይመጣል፣ ሊለካው። ሶ፣ ጋሼ ሃን ምንም እንዳይሰሙ። ኦኬ? ከሰሙ አለቀልን።"

"ዘለቀ፣ እኔ እንዲህ ያለ ነገር አልወድም።"

"ሌላ ማን አለ ታዲያ? ማርች አንድ እንደሆነ ደርሷል።"

እኔ ከሶፋው ጀርባ ሆኜ ነገሩን ገጣጠምኩ። ሰው የሚለካው ለሁለት ነገር እንደሆነ አውቅ ነበር፤ ለሱሪና ለሬሳ ሣጥን። ጋራዥ ውስጥ ለተደበቀ ሰው ደግሞ ማንም ሱሪ አይሰፋለትም። ስለዚህ ነገሩ ግልጽ ነበር። አንድ ሰው ከጃፓን ወህኒ ቤት አምልጦ፣ በርባንክ ደርሶ፣ በአባቴ መኪና ተሳፍሮ እኛ ዘንድ መጥቷል። ቅዳሜ ሊገድሉት ይመጣሉ። አባቴ ደግሞ ከገዳዮቹ ጋር ተነጋግሯል!

አሁን ሃያ ሰባት ዓመቴ ስለሆነ እውነቱን ማስቀመጥ አለብኝ። ጋራዡ ውስጥ የገባው የነሐስ ሐውልት ነው፤ ከደረት በላይ ያለ። ሐውልቱ የጋሼ ሃን አባት የሃን ጁንሶ ነው። ጃፓን ኮሪያን ቅኝ ስትገዛ መምህር ነበሩ፤ ልጆችን በገዛ ቋንቋቸው ያስተምሩና ነፃነት የሚጠይቅ ወረቀት ይበትኑ ነበር። ተይዘው ወህኒ ቤት ሞቱ። ያን ጊዜ ጋሼ ሃን ሦስት ዓመታቸው ስለነበር የአባታቸው መልክ ትዝ አይላቸውም። ቤተ ክርስቲያናቸው ግቢ ውስጥ ሐውልቱን ለማቆም ስድስት ዓመት ደከሙ። ምረቃው ማርች አንድ እንዲሆን ተቆረጠ፤ ኮሪያውያን ለነፃነት አደባባይ የወጡበትን ቀን የሚያስቡበት ዕለት ነው። ነሐሱን ያፈሰሰው በርባንክ ለፊልም ስቱዲዮዎች ቅርጽ የሚሠራ ሰው ሲሆን፣ ከአንዲት የአውራ ጣት ጥፍር ከምታህል ፎቶግራፍ ተነሥቶ ነው። ሁሉም ተሰናድቶ ሳለ ግን ሐውልቱ የሚቆምበት ድንጋይ ሲወርድ ወድቆ ለሁለት ተሰነጠቀ። በሁለት ሳምንት ሌላ ድንጋይ ጠርቦ ስም ቀርጾ የሚያደርስ ሰው አባቴ ሲያፈላልግላቸው፣ እሺ ያለው አንድ ብቻ ሆነ። እሱም ቶራንስ ከተማ ያለው ያ ጃፓን ነው።

ሊያ ከእኔ በአንድ ዓመት ትበልጣለች፤ በነገር ግን በዐሥር። እናቷ እትዬ ሐሌታ ፌርፋክስ ላይ ሬስቶራንት አላት። አርብ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ምስጢሩን ነገርኳትና ወዲያው ወደ ጋራዡ ሄድን። የጎን በሩ ሥር ድመት የምታሳልፍ ቀዳዳ አለ። በሆዳችን ተኝተን አየን። በጨለማው ውስጥ፣ ሣጥን ላይ፣ አንድ ሰው ብርድ ልብስ ከራሱ ተከናንቦ ቁጭ ብሏል። አይንቀሳቀስም።

"አለ!" አልኩ።

"ዝም በይ። ፈርቶ ነው" አለች ሊያ። "ቋንቋ ይችላል?"

"አባዬ ነው ያመጣው። አማርኛ ሳይችል አይቀርም።"

ሊያ ከቦርሳዋ ሁለት ሳምቡሳ አወጣችና በናፕኪን ጠቅልላ በቀዳዳው ገፋች። ከዚያ አፏን አስጠግታ ልክ እንደ እናቷ፣ "ይብሉ። በሞቴ፣ ይብሉ" አለች። ሰውየው ዝም አለ። "አንቱ ስንለው ደስ ብሎታል" አለችኝ።

በማግስቱ ናፕኪኑ ባዶ ነበር።

እንደዚያ ሰሞን በሕይወቴ ተደስቼ አላውቅም። በየቀኑ አንድ ነገር እናስገባለታለን፤ ምስር፣ ጎመን፣ ግማሽ ዶናት፣ አንድ ቀን ሊያ ከእናቷ ማዕድ ቤት በፎይል ጠቅልላ ያመጣችው ክትፎ። በማግስቱ ሁሉም ተጠራርጎ ይገኛል። ሒሳብ ክፍል ተቀምጬ "የእኔ ሰውዬ አሁን ክትፎ እየበላ ነው" ብዬ ሳስብ ብቻዬን እስቃለሁ። አባቴ ጋራዡን ሲያልፍ አፍንጫውን ነፋ ነፋ እያደረገ "እዚህ ቤት አይጥ ገብቷል" ሲል፣ እኔና ሊያ እየተቆናጠጥን ሣር ላይ እንወድቃለን። የምግቡ እውነተኛ ባለቤት ማን እንደነበረ ያወቅነው በኋላ ነው።

ቅዳሜ ደረሰ። ጋሼ ሃን ቅዳሜ ቅዳሜ ከሁለት ሰዓት ተኩል በፊት ወደ ቤተ ክርስቲያናቸው ስለሚሄዱ አባቴ ጃፓኑን የቀጠረው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ያን ዕለት ግን ሲያካፋ አደረ፤ ጋሼ ሃን ካፊያው እስኪያባራ ብለው ቤት ቀሩ። አባቴ ይህን አላወቀም። እኛ አውቀናል። ሊያን ደረጃው ሥር አቁሜ፣ እኔ ጋራዡ በር ላይ እጄን ዘርግቼ ቆምኩ።

አንድ ነጭ ፒክአፕ መጥቶ ፓርክ አደረገ። አጭር፣ ባርኔጣ ያደረገ ሽማግሌ ወረደ። ቀበቶው ላይ ሜትር አንጠልጥሏል። በቃ፣ ለሬሳ ሣጥኑ ነው አልኩ።

"ሃሎ" አለኝ። "አባትሽ አለ?"

"የለም።" አባቴ ቁልፍ ሊያመጣ ገብቶ ነበር።

"ሰውየውን ላየው ነበር።"

"እሱም የለም። በርባንክ ሄዷል።"

ሽማግሌው ደነገጠ። "መለሱት እንዴ?"

"ራሱ ነው የሄደው። በአውቶቡስ።"

"በአውቶቡስ" አለ ቀስ ብሎ። "ትኬት ቆርጦ?"

"ሽማግሌ ስለሆነ በነፃ ነው።"

ይህን ጊዜ ሊያ ደረጃውን በሩጫ ወጥታ የጋሼ ሃንን በር በሁለት እጇ ስትደበድብ ተሰማ። "ጋሼ ሃን! ጋሼ ሃን! ጃፓኑ መጣ! ሰውየውን ሊወስደው ነው!"

ጋሼ ሃን በካናቴራ ወረዱ። ግማሽ ፊታቸው ተላጭቷል፣ ግማሹ ነጭ አረፋ ነው። አባቴ በሌላ በኩል ቁልፉን እያቃጨለ ብቅ አለና ሁለቱን ሽማግሌዎች ፊት ለፊት ሲያይ ባለበት ደረቀ።

"ማነህ?" አሉ ጋሼ ሃን።

ሽማግሌው ባርኔጣውን አወለቀ። "ሞሪ እባላለሁ። የመቃብር ድንጋይ ጠራቢ ነኝ።"

"ሞሪ" አሉ ጋሼ ሃን። ቃሏን አፋቸው ውስጥ ትንሽ ያዟት። ከዚያ ወደ አባቴ ዞሩ። "ዘለቀ፣ ለአባቴ ድንጋይ፣ ጃፓን?"

"ጋሼ ሃን፣ ላስረዳዎት። ሌላ ሰው አጥተን ነው። ስድስት ቦታ ደወልኩ..."

"ጠይቀኸኝ ነበር?"

አባቴ አንገቱን ደፋ። አባቴን እንዲያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። የአረፋው ጠብታ ከጋሼ ሃን አገጭ ላይ ሲወርድ እኔ ሳቄ መጣ፤ ያን ያህል አልገባኝም ነበር።

ሽማግሌው ጣልቃ ገባ። "እኔ አውቄ ነው የመጣሁት" አለ። "ዘለቀ ደውሎልኝ ስልኩን እንደዘጋሁ ስለ እኒህ ሰው የተጻፈውን ሁሉ አነበብኩ። ድንጋዩ ተጠርቧል፤ ስሙም ተቀርጿል። የቀረው ብሎኑ የሚገባበትን መለካት ነው። እኔን ማየት ካልፈለጉ ትቼው እሄዳለሁ። ሌላ ሰው ይትከለው።"

ባርኔጣውን አድርጎ ወደ መኪናው አንድ እርምጃ ተራመደ። አባቴ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። እኔ ግን የሰውዬዬ ነገር አስጨንቆኛል፤ ሁሉም ስለ ድንጋይ ያወራል።

"ቢያንስ ምግቡን ይጨርስ!" ብዬ ጮኽኩ።

ሦስቱም ዞሩ።

"የምን ምግብ?" አለ አባቴ።

"የሰውየው! ዛሬ ጠዋት እንቁላል አስገብተንለታል፤ ገና አልጨረሰም!"

አባቴ ሮጦ በሩን ከፈተ። ጋሼ ሃን ወዲያው ጀርባቸውን ሰጡ፤ ሳይቆም አላየውም ብለዋላ። በሩ ወደ ላይ ሲወጣ፣ ድመት የሚያህል፣ ነጭ ፊትና የአይጥ ጭራ ያለው አንድ አውሬ አፉ ውስጥ እንቁላል እንደያዘ ተፈትልኮ በሽማግሌው እግሮች መካከል አለፈ። ሽማግሌው በሰባ ዓመቱ ፒክአፑ ላይ ዘሎ ወጣ። አባቴ እንደ ሴት ልጅ ጮኸ። ፖሰም የሚሉት የአሜሪካ የሌሊት አውሬ ነበር። ለዘጠኝ ቀን እንደ ሙሽራ ስንቀልበው ሰንብተን እንዴት እንዳማረበት!

ውስጥ ስገባ ብርድ ልብሱ ተንሸራትቶ ወድቋል። ሣጥኑ ላይ አንድ የነሐስ ሰው ከደረቱ ጀምሮ ተቀምጧል።

"የቀረውስ?" አልኩ። እንባዬ መጣ። "ቆረጡት?"

"ቤቲ!" አለ አባቴ። "ሐውልት ነው! ሐ-ው-ል-ት!"

ጋሼ ሃን ጀርባቸውን እንደሰጡ፣ "ምንድነው የሚታየው?" ብለው ጠየቁ።

አባቴ መሬቱን አየ። ናፕኪን፣ ፎይል፣ የወረቀት ሳህን፣ የዶናት ከረጢት በነሐሱ ሰው ዙሪያ ተበትኗል። "ጋሼ ሃን፣ ይቅርታ ያድርጉልን" አለ። "ልጆቹ... ሰው መስሏቸው፣ ሲያበሉት ነው የሰነበቱት።"

"ስንት ቀን?"

"ዘጠኝ" አለች ሊያ ከኋላ። ፈርታም ቢሆን ትክክለኛ ናት።

"ምን አበላችሁት?"

ሊያ በጣቷ መቁጠር ጀመረች። "ሳምቡሳ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ዶናት፣ ክትፎ..."

"ክትፎ ምንድነው?"

"ሥጋ ነው። በቅቤ።"

የጋሼ ሃን ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያ ደረጃው ላይ ዘፍ ብለው ቁጭ አሉና ጉልበታቸውን እየመቱ ሳቁ። እንዲህ ያለ ሳቅ ከሽማግሌ አይቼ አላውቅም፤ አረፋው በየአቅጣጫው ይረጫል። እኔም ሳቅሁ፣ ሊያም ሳቀች። ሳቁ መቼ ወደ ሌላ ነገር እንደተለወጠ አላየሁም። እጃቸውን ዓይናቸው ላይ ሲያደርጉ አረፋው ገብቶባቸው ነው ብዬ ነበር።

"እናቴ" አሉ ቆይተው፣ ለማንም ሳይሆን። "እናቴ በየቀኑ ሩዝ በጨርቅ ቋጥራ ወህኒ ቤቱ በር ላይ ትቆም ነበር። እኔን አዝላ። በየቀኑ ይመልሱባታል። አባቴ የሞተው በረሃብ ነው። እስክትሞት ድረስ የምታወራው ያንን ሩዝ ነበር።" ወደ እኔና ሊያ አዩ። "እናንተ አስገባችሁለት።"

ሽማግሌው ከፒክአፑ ላይ በቀስታ ወረደ። ከዚህ በኋላ እሱ ማለት ይከብደኛል፤ አቶ ሞሪ ወረዱ።

"የት ነው የተወለድከው?" አሏቸው ጋሼ ሃን፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ።

"ጋርዲና። እዚሁ። አባቴ አትክልተኛ ነበር።" አቶ ሞሪ ስድስት ዓመታቸው ሳለ፣ በጦርነቱ ጊዜ፣ የአሜሪካ መንግሥት ጃፓን ናችሁ ብሎ ቤተሰባቸውን ሁሉ በረሃ ወስዶ በሽቦ አጥር ውስጥ እንዳስቀመጠ ያን ዕለት አልተናገሩም። ይህንን ከአባቴ የሰማሁት ኮሌጅ ከገባሁ በኋላ ነው።

"ድንጋዩን አጣምመህ ብትተክለው..."

"አርባ ዓመት ድንጋይ ተክያለሁ" አሉ አቶ ሞሪ። "ከደንበኞቼ አንድም ተነሥቶ ያማረረ የለም።"

ጋሼ ሃን ሳያስቡት ሊስቁ ሲሉ አፋቸውን ያዙ። ከዚያ ተነሥተው ደረጃውን መውጣት ጀመሩ። "ለካው" አሉ። "በቃ።"

ለረጅም ጊዜ ነገሩ እዚያ ላይ ያለቀ ይመስለኝ ነበር። አላለቀም። ጋሼ ሃን ያን ዕለት አቶ ሞሪን አልጨበጧቸውም፤ አባቴንም ለአራት ቀን ሰላም አላሉትም። እናቴ ሾርባ ስትልክ ሳህኑ ታጥቦ ደጃፋችን ላይ ይገኛል፤ ቃል የለም። አባቴ "ቤት እንፈልግ መሰለኝ" ሲል ሰምቻለሁ። በአምስተኛው ቀን ጋሼ ሃን ወርደው አንድ ካርቶን ሙሉ ብርቱካን ለአባቴ ሰጡትና ተመለሱ። ምን ተሟግተው፣ ከማን ጋር ተሟግተው እንደ ረቱ ወይም እንደ ተረቱ አላውቅም።

ማርች አንድ ሰማዩ ጥርት ብሎ ወጣ። የኮሪያ አሮጊቶች ረጃጅም የሐር ቀሚስ ለብሰው ግቢውን ሞሉት። እኛም ሐበሾቹ ሰባት ያህል ሆነን መጣን፤ እትዬ ሐሌታ ሬስቶራንቷን ዘግታ ነጠላዋን ለብሳ ቆማለች። ሐውልቱ ነጭ ጨርቅ ተከናንቦ ድንጋዩ ላይ ቆሟል። አቶ ሞሪ በር ላይ፣ ከሰው ሁሉ ጀርባ፣ ባርኔጣቸውን ይዘው ነበር።

ጸሎት ሆነ፣ ንግግር ሆነ፣ ሌላ ንግግር ሆነ። ከዚያ ጋሼ ሃን ገመዱን ሳቡ። ጨርቁ እምቢ አለ። ደግመው ሳቡ። የሐውልቱ ጆሮ ላይ ተያይዟል! ፓስተሩ ሳቡ፣ አባቴ ሳበ፤ ጨርቁ ንቅንቅ አልል አለ። ከሕዝቡ መካከል ፍርፍር የሚል የታፈነ ሳቅ ተነሣ። መሰላል መጣ፤ ወጣቶች ልውጣ ልውጣ ቢሉም ጋሼ ሃን ከለከሏቸው። መሰላሉ ግን ሣሩ ላይ ይወዛወዛል። ጋሼ ሃን ዙሪያቸውን አዩና እኔን ጠቀሱኝ።

"ሂጂና ያንን ሰውዬ ጥሪው" አሉኝ። "ደህና እጅ አለው። መሰላሉን ይያዝልኝ።"

ሮጥኩ። የአቶ ሞሪን እጅ ይዤ በአሮጊቶቹ መካከል አመጣኋቸው። ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀ። እጃቸው ሻካራና ሞቃት ነበር። ጎንበስ ብለው መሰላሉን በሁለት እጃቸው ያዙ። ጋሼ ሃን ጫማቸውን አውልቀው፣ በካልሲ፣ አንድ በአንድ ወጡ። ጨርቁን ከጆሮው ላይ አላቀቁና ለቀቁት።

ለመጀመሪያ ጊዜ አባታቸውን አዩ።

ከዚያ በኮሪያኛ አንድ ነገር አሉ፤ አሮጊቶቹ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። አባቴ አጠገቡ የቆመውን ሰው ጠይቆ ተርጉሞልን ነበር። "ልጅ ነው እኮ" ነው ያሉት። "ልጅ ነው እኮ ይሄ።" ሃን ጁንሶ ሲሞቱ ሠላሳ አንድ ዓመታቸው ነበር። እኔ በዚያን ዕድሜዬ "ምን ነካቸው፣ ትልቅ ሰው ነው እኮ" ብዬ ለሊያ አንሾካሾክሁ። ጋሼ ሃን መዳፋቸውን ዘርግተው የነሐሱን ፀጉር፣ ሰው ከትምህርት ቤት የመጣ ልጁን እንደሚያደርገው፣ ወደ ኋላ አስተካከሉለት።

ፓስተሩ ወረቀታቸውን አንሥተው ሊቀጥሉ ሲሉ እትዬ ሐሌታ አላስችል አላት፤ እልልታዋን አቀለጠችው። እናቴ ተከተለቻት። ሌሎቹም። ኮሪያውያኑ አደጋ የደረሰ መስሏቸው ዞሩ። ፓስተሩ ወረቀታቸውን ጣሉ። ፊት የተቀመጠች አንዲት ትንሽዬ፣ ጎባጣ አሮጊት እትዬ ሐሌታን በአድናቆት ትክ ብላ አየቻትና ምላሷን አውጥታ ሞከረች። "ኡሉ-ሉ" የሚል ነገር ወጣት። ጎረቤቷም ሞከረች። ከዚያ የሐር ቀሚስ የለበሱት ሁሉ፣ አንዷ ከአንዷ እየባሰች፣ እየሳቁ፣ እያለቀሱ፣ ግቢውን እልል በሚመስል ነገር ሞሉት፤ መንገድ ላይ የሚያልፉ መኪኖች ምን ተፈጠረ ብለው ጥሩምባ ነፉ።

ጋሼ ሃን ከላይ ሆነው እያዩ ይስቃሉ። ውረዱ ያላቸው የለም። አቶ ሞሪ መሰላሉን እንደያዙ ቀና ብለው፣ "አይቸኩሉ" አሏቸው፤ "እኔ የትም አልሄድም።"